ለክራንክቤት ምን ዓይነት ዘንግ ልግዛ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደሴ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሎጎ ሐይቅና አርዲቦ እየወረድኩ ዓሣ አጠምዳለሁ። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ አሥር የሚሆኑ ክራንክቤቶች (ትንሽ ዓሣ የሚመስሉ፣ ሲጎተቱ እየተወዛወዙ የሚጠልቁ ማባበያዎች) ይዞልኝ መጣ። ትንንሾቹ 5 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ ትልልቆቹ ምላሳቸው (አፍንጫቸው ሥር ያለው፣ ሲጎተቱ ወደ ታች የሚያጠልቃቸው ዝርግ ነገር) ረጅም ነው፣ 25 ግራም ይመዝናሉ። ዘንጌ 2.10 ሜትር ካርቦን ሲሆን ‹ሚዲየም ሄቪ፣ ፋስት› ይላል፤ ክሬ የተጎነጎነው ዓይነት ነው። ዓሣ ይመታል፣ አንድ ሁለቴ ይታገልና ይለቃል። ቆሮሶ ደግሞ ጭራሽ ዞር ብሎም አያየውም። ሻጩ ‹ዘንግህ ስለላላ ነው› ብሎ ሄቪ ሊሸጥልኝ ነው። ልግዛው?»

አይግዙት። ዓሣው የሚያመልጥዎ ዘንግዎ ደረቅ ስለሆነ ነው፤ ሄቪው ደግሞ ይብሱን ደረቅ ነው። የሻጩ ምክር ከሌላ ዓይነት ማጥመድ የመጣ ነው። በአንድ ወፍራም መንጠቆ ላይ ትል ወይም ጎማ ሰክቶ ከሥር የሚያጠምድ ሰው፣ መንጠቆውን በመንጋጋ ለማሳለፍ ኃይለኛ ንጥቂያ ያስፈልገዋል። ለእሱ ደረቅ ዘንግ ልክ ነው። ክራንክቤት ሆድና ጅራቱ ላይ ሁለት ባለሦስት ጣት መንጠቆ ይዞ ነው የሚሄደው፤ በድምሩ ስድስት ቀጫጭን ሹል ጫፎች። እነዚህ ጫፎች ንጥቂያ አይፈልጉም። ዓሣው ጎርሶ ሲዞር በራሳቸው ይሰካሉ፤ ግን ጥልቀት የላቸውም፣ ብዙ ጊዜ የያዙት የከንፈር ቆዳ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ የሚወስነው ዘንጉ ነው። ዓሣው ራሱን በነቀነቀ ቁጥር ደረቅ ዘንግና የማይለጠጥ ክር ግፊቱን እንዳለ መንጠቆው ላይ ያሳርፉታል። የመርፌ ቀዳዳ ታክል የነበረችው ቀዳዳ ትሰፋለች። ዓሣው ወደ እርስዎ ሲዞር ደግሞ ደረቁ ዘንግ ቶሎ ቀጥ ስለሚል ክሩ ለቅጽበት ይላላል፤ በሰፋ ቀዳዳና በላላ ክር መንጠቆ ወድቆ ይቀራል። «አንድ ሁለቴ ይታገልና ይለቃል» ያሉት ይኸው ነው። ሁለተኛ ጉዳትም አለ። ዓሣ ክራንክቤትን የሚይዘው አፉን ከፍቶ ከውሃ ጋር ወደ ውስጥ በመሳብ ነው። ጫፉ የሚታጠፍ ዘንግ ለዚያች ቅጽበት ማባበያውን ይለቅለታል፤ ደረቁ ግን አፉ ሳይዘጋ ነጥቆ ያወጣበታል። እጅዎ ላይ «ጠቅ» ብሎ ባዶ የሚቀረው ምት አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

ሻጭም ገዢም የሚያምታታው በዘንግ ላይ የሚጻፉትን ሁለት ነገሮች አንድ አድርጎ ማየት ነው። አንደኛው ጉልበት ነው፦ ዘንጉን ለማጉበጥ ምን ያህል ክብደት ይጠይቃል? ላይት፣ ሚዲየም፣ ሚዲየም ሄቪ፣ ሄቪ እየተባለ የሚጻፈው ስለዚህ ነው። ሁለተኛው አጎባበጡ ነው፦ ሲጎብጥ የቱ ጋ ነው የሚጎብጠው? ፋስት የተባለው ከጫፉ በኩል ሩቡ ወይም ሲሶው ብቻ ይታጠፍና ቀሪው ቀጥ ይላል። ሞደሬት የተባለው እንደ እርጥብ ልምጭ ነው፤ ከጫፉ ጀምሮ እስከ ወገቡ ድረስ ይለመጣል። ስሎው ጭራሽ እስከ እጀታው ይወርዳል። ስለዚህ ጉልበተኛ ሆኖ ሞደሬት የሆነ ዘንግ አለ፤ ደካማ ሆኖ ፋስት የሆነም አለ። ለክራንክቤት ቅድሚያ የሚሰጠው አጎባበጡ ነው፤ እሱም ሞደሬት፣ ካልተገኘ ሞደሬት ፋስት። ጉልበቱን የሚወስኑት የማባበያው ክብደትና የሚጠብቁት ዓሣ ናቸው።

ጽሑፉን ብቻ አምነው አይግዙ፤ አንዱ ፋብሪካ ሞደሬት የሚለውን ሌላው ፋስት ሊለው ይችላል። ሱቅ ውስጥ በሁለት ደቂቃ መፈተን ይቻላል። ክሩን በቀለበቶቹ ሁሉ ያሳልፉና ጫፉ ላይ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ የላስቲክ ጠርሙስ ያስሩ፤ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። እጀታውን ከወለሉ ጋር 45 ዲግሪ ያህል አዘንብለው ቀስ ብለው ያንሱ። ሌላ ሰው በጎን ቆሞ ኩርባውን ይይ። ኩርባው ጫፉ አካባቢ ተሰብስቦ ከታች ያለው ዱላ ከመሰለ ፋስት ነው። ከጫፉ ተነሥቶ ወገቡ ድረስ ሳይሰበር እንደ ማጭድ ከዞረ የሚፈልጉት እሱ ነው። አንድ ቦታ ላይ ድንገት ክርን የሚሠራ ከሆነ፣ በተለይ መገጣጠሚያው ጋ፣ ይመልሱት። እያነሡ ሳለ ዘንጉን ቀጥ አድርገው ወደ ሰማይ አያቁሙት። ካርቦን የሚሰበረው በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ ክብደቱ በሙሉ ጫፉ ላይ ብቻ ያርፋል።

ከምን እንደተሠራ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ ግን ሰው እንደሚያስበው ውድ ሁሉ ይሻላል ማለት አይደለም። ንጹህ ካርቦን ቀላል ነው፣ እጅ አያደክምም፣ የማባበያውን እያንዳንዷን ንዝረት ያደርሳል፤ ግን ቶሎ ቀጥ ይላል። ፋይበርግላስ ከበድ ይላል፣ ሲጎብጥም ሲመለስም ዝግ ይላል፣ ሲጋጭም እንደ ካርቦን በቀላሉ አይሰበርም። ለክራንክቤት ይህ ዝግታ ጥቅም ነው። ሁለቱን የቀላቀለ ዘንግም ይሠራል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚወረውር ሰው አማካዩ መንገድ ይህ ነው። ርካሽ የሚባለው የፋይበርግላስ ዘንግ ለዚህ ሥራ ከውዱ ፋስት ካርቦን የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። የአካባቢው አስጋሪ የሚጠቀምበት ሸምበቆም አጎባበጡ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ቀለበትና ሪል (ክር መጠቅለያ) ስለሌለው ብቻ ነው መወርወር የማይችለው።

ርዝመትን በተመለከተ፣ ከዳር ቆሞ ለሚያጠምድ ከ2.10 እስከ 2.30 ሜትር ይበቃል። ርዝመት ውርወራን ያርቃል፤ ክራንክቤት ደግሞ ወደ ሙሉ ጥልቀቱ ለመድረስ የተወሰነ ርቀት መጎተት ስላለበት አጭር ውርወራ ግማሹን ጊዜ ያባክናል። ከጀልባ ላይ ወይም ደንገልና ፊላ በበዛበት ጠባብ ቦታ 2 ሜትር ገደማው ይመቻል። ዘንጉ ላይ የሚጻፈው የማባበያ ክብደት ግን ከርዝመቱ የበለጠ ቁም ነገር ነው። ብዙዎቹ በአውንስ ስለሚጽፉት ሩብ አውንስ 7 ግራም፣ ግማሽ አውንስ 14 ግራም፣ ሦስት አራተኛ 21 ግራም ብለው ይያዙት። ርዝመት በጫማ ከተጻፈ 7 ጫማ ማለት 2.13 ሜትር ነው። የእርስዎ 5 ሴንቲ ሜትሮቹ ክብደታቸው እንደ አሠራራቸው ከ7 እስከ 10 ግራም ቢሆን ነው። ሚዲየም ሄቪ ዘንግ ብዙ ጊዜ ከ10 ግራም በላይ ስለሚጀምር እነሱን ሲወረውር አይጎብጥም፤ ዘንግ ካልጎበጠ ደግሞ አይወረውርም። በተለይ ከባልሳ እንጨት የተሠራ ማባበያ ቀላል ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ወደ ፊትዎ ይመለሳል። ክንድዎን አጠንክረው በመወርወር የሚያካክሱት ከሆነ ትከሻዎ ነው የሚከፍለው።

25 ግራም የሆኑትን ረጃጅም ምላሶች ለጊዜው ሳጥን ውስጥ ይተዉዋቸው። እነሱን በአግባቡ ለመጎተት 2.30 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሚዲየም ሄቪ ጉልበት ያለው ግን አጎባበጡ ሞደሬት የሆነ ሌላ ዘንግ ያስፈልጋል። ትንሹንም ትልቁንም በአንድ ዘንግ እወረውራለሁ ማለት ሁለቱንም ማበላሸት ነው። ከዘንጉ ሌላ የቦታው ነገር አለ። ሎጎ ሐይቅ ጥልቅ ነው፤ መሀሉ ከ80 ሜትር ያልፋል፣ በብዙ ቦታ ዳሩ ቶሎ ይወርዳል። ከዳር ቆመው ወደ መሀል ወርውረው ሲጎትቱ ማባበያው የሚመጣው ከጥልቁ ወደ ዳገቱ ነው። ረጅም ምላስ ያለው እየቆፈረ ወደ ታች ሲሄድ መሬቱ ደግሞ እየወጣ ይቀበለዋል፤ የመጨረሻዎቹን አሥር ሜትሮች ድንጋይና ሥር ሲያርስ ቆይቶ ተይዞ ይቀራል። ከዳር ሲሆኑ ከዳሩ ጋር ትይዩ አድርገው፣ በሣሩ ጠርዝ ይወርውሩ፤ ማባበያው ውርወራውን ሙሉ በአንድ ጥልቀት ይሄድልዎታል። ጀልባ ካገኙ ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ ወደ ዳሩ ወርውሮ ወደ ጥልቁ መጎተት። ረጃጅም ምላሶቹ ሥራ የሚያገኙት ያኔ ነው።

ስለ ቆሮሶ፣ ምንም ዓይነት ዘንግ አይረዳዎትም። ቆሮሶ ሎጎ ሐይቅ ላይ የተጨመረው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ዋና ምግቡ አልጌና ከውሃ ውስጥ የሚለቅመው ጥቃቅን ነገር ስለሆነ ሌላ ዓሣ እያሳደደ አይበላም። አልፎ አልፎ ክራንክቤት ላይ ተሰክቶ የሚወጣ ቆሮሶ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ጎጆውን የሚጠብቅ ወንድ ነው፤ ይህን ደግሞ ሆን ብሎ ማጥመድ መራቢያውን መጉዳት ነው። ቆሮሶ ከፈለጉ ትንሽ መንጠቆ፣ ትል ወይም ሊጥ፣ ተንሳፋፊ። ካርፕም እንደዚያው። በሐይቆቹ ላይ ክራንክቤት የሚመታልዎ አምባዛ ነው፤ እስካሁን የታገለዎትም እሱ ሳይሆን አይቀርም። አምባዛ በዓይኑ ሳይሆን በጢሙና በንዝረት ነው የሚያድነው፤ ሲመሽና ሲነጋ ወደ ጥልቅ ያልሆነው ውሃ ይወጣል። ስለዚህ ውስጡ የሚንኳኩ ትንንሽ ኳሶች ያሉት፣ ሰፋ አድርጎ የሚወዛወዝ ማባበያ በዝግታ ይጎትቱለት፤ ሥሩን ነካ ነካ እያደረገ ቢሄድ ይመረጣል። የአምባዛ አፍ ጠንካራ ነው፣ ሲያዝ ደግሞ ይንከባለላል። ዘንግዎ ጫፉ ለስላሳ፣ ወገቡ ግን የሚያነሣ እንዲሆን የምመክረው ለዚህ ነው፤ ላይት የተባለ ዘንግ አጎባበጡ ቢያምርም አምባዛን ከሣር ውስጥ ነቅሎ አያወጣም። ሚሌ ወይም ቦርከና ወንዝ ላይ ባርበስ ለተባለው የወንዝ ዓሣ የሚወርዱ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፦ 4 ሴንቲ ሜትር ማባበያ፣ ከ3 እስከ 10 ግራም የሚወረውር 1.80 ሜትር ዘንግ።

አሁን ወደ ክሩ። ከዘንግ በፊት መለወጥ ያለበት እሱ ነው፣ ዋጋውም ከዘንግ ጋር አይወዳደርም። የተጎነጎነ ክር ምንም ያህል አይለጠጥም። በለስላሳ ዘንግ ላይ ሲሆን ችግሩ ይቀንሳል፤ በፋስት ዘንግ ላይ ግን ድንጋይ በድንጋይ ነው። ጫፉ ላይ ሁለት ሜትር ናይሎን መቀጠል ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ሁለት ሜትር ናይሎን ምን ያህል ሊለጠጥ ነው? ልስላሴው የሚመጣው ሠላሳ ሜትሩ ሙሉ ናይሎን ሲሆን ነው። 0.30 ሚሊ ሜትር ናይሎን ይጠቅልሉበት፤ ጥንካሬው 12 ፓውንድ፣ ማለትም 5 ኪሎ ተኩል ያህል የተባለውን ይፈልጉ። ከዚያ ብዙ አያወፍሩት። ወፍራም ክር ውሃ ውስጥ ስለሚጎተት ማባበያው ካርቶኑ ላይ የተጻፈለት ጥልቀት ላይ አይደርስም።

የሪሉን ፍሬን (ዓሣ ሲጎትት ክር የሚለቀውን) አብዛኛው ሰው በእጁ ስቦ «ጥሩ ነው» ይላል። በልኬት ያድርጉት። የክሩን ጫፍ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ በሞላ የላስቲክ ጠርሙስ አንገት ላይ ይሰሩት፣ ሪሉን ብቻ ይዘው ቀጥ አድርገው ያንሱ። ፍሬኑ ላስቲኩን ተሸክሞ ቀስ እያለ የሚለቅ ከሆነ የክሩን ሩብ ያህል ላይ አሉ ማለት ነው፤ ለክራንክቤት ልኩ ይህ ነው። ላስቲኩ ተንጠልጥሎ ዝም ካለ ይፍቱት፤ በአንድ ጊዜ ከወረደ ያጥብቁት። ሪሉን በተመለከተ ለእርስዎ የሚሆነው ተራው ከዘንጉ በታች የሚንጠለጠለው ስፒኒንግ፣ ቁጥሩ 3000 የሆነ፣ እጀታው አንዴ ሲዞር ክሩን አምስት ጊዜ ያህል የሚጠቀልል ነው። ከላይ የሚቀመጠው ቤትካስቲንግ ለከባድ ማባበያ ይበልጣል፤ 7 ግራም በነፋስ ውስጥ ለመወርወር ግን ለለመደውም ይፈትናል፣ ላልለመደው የተተበተበ ክር ሲፈታ ይመሽበታል። ፈጣን ሪል አይምረጡ፤ እጅ ሳያውቀው ይፈጥናል፣ ማባበያውም ከመወዛወዝ ይልቅ በጎኑ ይተኛል።

በጎኑ የሚሄድ ማባበያ ሁሉ ግን የፍጥነት ችግር አይደለም። ቀስ ብለው እየጎተቱትም ወደ ቀኝ የሚሸሽ ከሆነ፣ አፍንጫውን ወደ እርስዎ አዙረው ክር የሚታሰርባትን ዓይን በፒንሳ ለፀጉር ያህል ወደ ግራ ያጥፏት። አንዴ ሳይሞክሩ ሁለተኛ አያጥፉ፤ ዓይኗ ከላላች ማባበያው ሞተ። ክሩን የሚያገናኙበት ትንሽ ክብ ማያያዣ ይሁን፤ የሚሽከረከረው ከባዱ ዓይነት አፍንጫውን ወደ ታች ይጎትተዋል።

የአያያዝም ነገር አለ። ዘንጉን ወደ ላይ አንሥቶ መጎተት የተለመደ ስህተት ነው። ጫፉን ዝቅ አድርገው፣ ከክሩ አቅጣጫ ጥቂት ወደ ጎን ይያዙት፤ ዓሣ ሲመታ የሚታጠፍ ነገር ይኖረዋል። ሲመታ አይንጠቁ። መጠቅለልዎን አያቁሙ፣ ክብደቱ እጅዎ ላይ ሲቀመጥ ዘንጉን በጎን በኩል በለሆሳስ ይውሰዱት፤ በቃ። እጅ ልማዱን ቶሎ ስለማይለቅ ለስላሳ ዘንግ የገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ላይ ይሄን ይረሳል፤ ከዚያ «ዘንጉም አልረዳኝም» ይላል።

ጥቂት ማስጠንቀቂያዎች። የአስጋሪዎች መረብ በብዛት የሚጣለው ማታ ሆኖ የሚነሣው ጠዋት ስለሆነ፣ አምባዛ የሚመታበት ሰዓት መረቡም ውሃ ውስጥ ያለበት ሰዓት ነው። ስድስት ጫፍ መንጠቆ መረብ ውስጥ ከገባ ማባበያዎን ብቻ አይደለም የሚያጡት፤ የሰው እንጀራ ነው የሚቀደደው። ተንሳፋፊዎቹን ሳያዩ አይወርውሩ፣ ለአስጋሪዎቹም የት እንደጣሉ ይጠይቋቸው። ካርቦን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ በመብረቅ ጊዜ አደገኛ ነው፤ በክረምት ከሰዓት በኋላ ደመናው ማጉረምረም ሲጀምር ዘንጉን መሬት ላይ አጋድመው ከእሱ ይራቁ። አምባዛን ሲይዙ ከጭንቅላቱ ኋላ በጎንና በጎን ያሉትን የክንፍ እሾኮች ይጠንቀቁ፤ መንጠቆውንም በጣትዎ ሳይሆን በረጅም አፍ ፒንሳ ያውጡ። የተንጠለጠለ አምባዛ ሲንከባለል ነፃ የሆነው ሁለተኛው መንጠቆ እጅ ውስጥ ነው የሚገባው። ከመንጠቆው ጫፍ ወደኋላ የዞረችውን ትንሿን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቀው ቢያጠፏት፣ ክሩ እስካልላላ ድረስ ዓሣ ብዙም አያመልጥዎትም፤ ከእጅዎ ግን በቀላሉ ይወጣል። ፈቃድን በተመለከተ ከመውረድዎ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

እንግዲህ የማደርገው ቢሆን ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ለሁለት ቅዳሜ ባለዎት ዘንግ ላይ 0.30 ናይሎን ጠቅልለው፣ ፍሬኑን በላስቲክ ለክተው፣ 14 ግራም አካባቢ የሆኑ ክራንክቤቶች ካሉዎት እነሱን ብቻ ይጎትቱ። የደነዘዙ መንጠቆዎችን ይቀይሩ፤ ጫፉ ጥፍርዎ ላይ ሲያስደግፉት የሚንሸራተት ከሆነ ደንዝዟል። ከሚያመልጥዎ ግማሹ ሊቀር ይችላል። ከዚያ ወዲያ ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ 2.10 ሜትር፣ ለሁለት የሚከፈል፣ ጉልበቱ ሚዲየም፣ አጎባበጡ ሞደሬት፣ ከ7 እስከ 21 ግራም የሚወረውር፣ ፋይበርግላስ ወይም ቅልቅል ዘንግ ይግዙ። እንደ አንቴና የሚሳበውን ዘንግ፣ ቦርሳ ውስጥ መግባቱ ቢያጓጓም፣ ይተዉት፤ በየመገጣጠሚያው ስለሚደርቅ ኩርባው ይቆራረጣል፣ በቀን መቶ ጊዜ ሲወረወርበት ደግሞ መገጣጠሚያዎቹ ይላላሉ። አሁን ያለዎትን ሚዲየም ሄቪ ፋስት አይሽጡት፤ ለአምባዛ ከሥር በትልቅ ነጠላ መንጠቆና በሥጋ ሲያጠምዱ ከእሱ የተሻለ አያገኙም። ወንድምዎ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ‹ሞደሬት› የሚለውን ቃል ጽፈው ይስጡት፤ «ጥሩ ዘንግ» ካሉት ዳግመኛ ፋስት ይዞልዎት ይመጣል።